አልነሳ ያለችው

ላዳዋ መታመሟን የሰማሁት ከግቢያችን በር አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጉንዳን ሳይ ነው።

አባዬና ጎረቤታችን ጋሽ ረሻድ ከበሩ ውጭ ቆመው ያወራሉ። ጋሽ ረሻድ መንገዱ ጥግ ላይ ባለች ሱቁ ከስኳር እስከ ሚስማር የሚሸጥ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ትከሻው ዝም ብሏል።

«ዛሬስ እንዴት ናት?» አለ።

«ያው ናት» አለ አባዬ። «ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትላለች። ትናንት እንደ ምንም ብዬ ባስነሳት ደጅ ሳትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ አለ።»

«ለሚያውቅ ሰው አሳያት እንጂ።»

«አሳይቻት የለ! የተበላሸ ነገር የለም ነው የሚሉኝ። ጊዜ ስጣት ነው የሚሉኝ።»

«ላ ሐውለ» አለ ጋሽ ረሻድ ራሱን እየነቀነቀ።

ዞር ብዬ ግቢው መሃል የቆመችውን ታክሲያችንን አየኋት። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ። ክብ ክብ መብራቶቿ በእርግጥም እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ይመስላሉ። ውሃ መጠጣቷንም አውቃለሁ፤ አባዬ ጠዋት ጠዋት በጆግ ሲያጠጣት አይቻለሁ። እንዲህ የከፋባት መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሄጄ ግንባሯን ዳሰስኩት። ፀሐይ ላይ ስለ ዋለች ይፋጃል። ትኩሳት አላት አልኩ በልቤ።

አባቴ በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስለ መኪና አንዲት ቃል እንዳልተናገረ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

በዚያ ሰሞን እናቴ፣ እፀገነት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። እኔ የማውቀው ሆዷን አሟት ሆስፒታል መግባቷን፣ ከዚያም ያ ትልቅ ሆዷ ጎድሎ መመለሷን ነው። ሆዷ ከጎደለ ድናለች ማለት ነው፤ የዳነ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ያምረዋል። አለቀ። ለልጅ ማን ምን ይነግራል? ወንድም እንደ ነበረኝ፣ ጥቂት ቀን ተንፍሶ እንደ ሞተ፣ እማዬ ከአልጋ መውረድ ስላልቻለች አባዬ ብቻውን ሊቀብረው እንደ ሄደ የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ብቻውን እንኳ አይደለም፤ ከጋሽ ረሻድ ጋር።

በማግሥቱ አባዬ ሥራ አልወጣም። እጅጌውን ሰብስቦ የላዳዋን ኮፈን ከፈተና ውስጧን ማውጣት ጀመረ።

እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መኪና ሆዱ ውስጥ ያን ያህል ዕቃ ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል? ቱቦው፣ ገመዱ፣ እንደ ወይራ ፍሬ የሚያብለጨልጨው ብሎን ሁሉ ተራ በተራ ይወጣል። አባዬ አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ አንጥፎ እያንዳንዱን ብረት በነጭ ጋዝ እያጠበ ይደረድረዋል። የታጠበው ብረት ፀሐይ ሲያርፍበት ከቤተ መቅደስ የወጣ ንዋየ ቅድሳት ይመስላል። ነፋሱ በቆሼ በኩል ሲመጣ የሚያመጣውን ሽታ እንኳ ያን ቀን ነጭ ጋዙ አሸነፈው። ፋሲካ ገና ማለፉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ተነሣ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መነሳት ትልቅ ነገር እንደ ሆነ፣ ከበሮና እልልታ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ብሎንና ቁልፍም እንደሚፈልግ ያወቅሁት ግን አባዬን አይቼ ነው።

ጋሽ ረሻድ በበሩ አንገቱን አስገብቶ አየና፣

«አንተ ይገዙ! መኪና ነው ወይስ የፋሲካ በግ?» አለ። «ቆዳዋን የሚገዛ ልጥራልህ?»

«ሂድ ወዲያ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ! ጎማ ለመቀየር ሰው የምትጠራ ሰውዬ ዛሬ ሞተር ታወርዳለህ?»

«ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር» አለው አባዬ። ይሄ ግራ አጋባኝ። ሲሰደብ ከፍ አድርገህ ስደበኝ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ጋሽ ረሻድ ግን ገባው መሰል ወደ መኝታ ክፍሉ መስኮት ዞሮ ጮኸ። «ኧረ የሟቹን መኪና ገደላት! ኧረ የጋሽ ገዳን መኪና ዘረገፋት!»

ገዳ የእማዬ አባት፣ አያቴ ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ ጋራዥ ነበረው። እማዬ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ተመልሳ የምትውለው እዚያ ነበር፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ አያቴ ሞተር ሲቸግረው «እፀ፣ እስቲ ስሚልኝ» ይላታል። ሲሞት ላዳዋ ለእሷ ቀረች፣ አባዬ ደግሞ ይሠራባት ጀመር። ያን ዓመት ከመተኛቷ በፊት ምሳ እየሠራች እንኳ ላዳዋ ስትገባ ሰምታ «ይገዙ፣ ቫልቩ ላልቷል፣ አሳየው» ትል ነበር። አባዬ ያሳየዋል። ልክ ነው፣ ላልቷል።

«መሲ፣ ነይ» አለኝ አባዬ። «ግቢና ለእማዬ ‹ቴስታታውን አውርዶታል› በያት።»

ቴስታታ ማለት ከሞተሩ ላይ በሁለት እጁ አቅፎ፣ የአንገቱ ሥር ተወጥሮ ያነሳው ከባድ ብረት መሆኑን ካየሁት ተነስቼ ገመትኩ። ሮጥኩ። ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ መጋረጃው አልተከፈተም።

«እማዬ፣ ቴስታታውን አውርዶታል።»

ዝም።

ተመለስኩ። ደግሞ ላከኝ። «እማዬ፣ ካርቡሬተሩን ፈታታው።» ዝም። «እማዬ፣ ካንዴላዎቹን ነቀላቸው።» ትከሻዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወይም የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ቀጥሎ የላከኝ ቃል አፌ ውስጥ አልገባ ብሎኝ መንገድ ላይ እየተለማመድኩት ነው የደረስኩት።

«እማዬ፣ አሁን ደግሞ ዲስ... ዲስትሪቢዩተሩን ሊነቅለው ነው።»

ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፅ መጣ። ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ።

«ምልክት አድርጎበታል?»

ክንፍ አውጥቼ ወጣሁ። «ምልክት አድርጎበታል ወይ አለች!»

ቁልፉ ከአባዬ እጅ ወደቀ። «ማን?»

«እማዬ ናታ!»

ዓይኑ ውሃ ሞላ። ምልክት ማድረግ ረስቶ ደነገጠ ብዬ አሰብኩ። በክርኑ ፊቱን ጠረገና፣ «አላደረገም በያት» አለኝ። ልሄድ ስል ደግሞ ጠራኝ። «እንዲያውም ነቅሎታል በያት።» እውነቱን ለመናገር ገና አልነቀለውም ነበር። ዓይኔ እያየ ያኔ ነቀለው።

«እማዬ፣ ምልክት አላደረገም። ነቅሎታል።»

ብርድ ልብሱን ከአፏ ላይ ገፋ አደረገች። ከዚያ ለግድግዳው «ጅል» አለችው።

በቀስታ ነው የተመለስኩት። በእኛ ቤት ያ ቃል ያስቆነጥጣል። አባዬ ፊት ቆሜ ጣቶቼን እያፍተለተልኩ «ጅል ነህ አለችህ» አልኩት።

አባዬ ሳቀ። ሳቀ ብቻ አይደለም፣ በግሪስ እጁ ራሱን ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። «ረሻድ! ረሻድ! ጅል አለችኝ!»

ጋሽ ረሻድ ከሱቁ ብቅ አለ። «ወላሂ በል?»

«ጅል! በአፏ!»

«አልሐምዱሊላህ!»

የጋሽ ረሻድ ሚስት እትዬ ዙቤዳ ለእማዬ የሠራችውን አጥሚት ይዛ እየመጣች ነበር። እሷም ሰማችና ቀና ብላ ሰማዩን አመሰገነች። ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰው መሰደብ ይወዳል የሚል እምነት ይዤ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ።

ያቺ ቃል እናቴ ከሆስፒታል ከመጣች በኋላ ለአባቴ የሰጠችው የመጀመሪያ መልስ ነበረች። ላዳዋም ምንም አልነበረባትም። ይህን የነገረኝ ጋሽ ረሻድ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በመጣሁበት ክረምት፣ ዝናብ አስጠልሎኝ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳለ። ዘመድ መክሯት፣ የንስሐ አባቷ መጥተው፣ ሐኪም አይቷት፣ አባዬ ተንበርክኮ ለምኗት አልሆነም። «ምን ብዬ ላንሳት?» አለው አባዬ ለእሱ። «ያልሞከርኩት የለም። የአባቷን መኪና ስበታትን ግን ዝም ብላ አትሰማኝም።» ጋሽ ረሻድ «ብትሰማህስ? ያቺን መኪና ገጥመህ ባታስነሳት ምን ልትበላ ነው?» ቢለው፣ «እሷ ካልተነሳች መብላቱ ምን ያደርግልኛል?» አለው። አባቴ ይህን ሊል የሚችል ሰው መሆኑን ለማመን እዚያ የሱቅ ባንኮኒ ላይ ብዙ ቆየሁ። በቤታችን ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

መግጠሙ ከመፍታቱ የባሰ ሆነ። አባዬ በአንሶላው ላይ የደረደራቸው ብረቶች መሃል እየተንበረከከ አንዱን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይመልሳል። ዕቃ አልጎደለም፤ የገባበት ግን ጠፍቶታል። ቢሆንም ቀስ በቀስ አንሶላው እየሰፋ፣ የላዳዋ ሆድ እየሞላ ሄደ። በመጨረሻ ከንፈሩን ልሶ ቁልፉን አዞረ።

ጧ!

እርግቦቹ ከቆርቆሮው ላይ ብን ብለው በረሩ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ከአጥሩ ማዶ እትዬ ዙቤዳ «ቢስሚላህ!» ስትል ተሰማ። እኔ ከፍርሃቴ ይልቅ አድናቆቴ ብሶ ወደ ውስጥ በረርኩ።

«እማዬ! ተኮሰች!»

«ሰምቻለሁ።» በጀርባዋ ተገልብጣ ጣሪያውን ታያለች። ፊቷን ካየሁት መቆየቴ ያኔ ታወቀኝ። «በላይ ነው የተኮሰችው ወይስ በኋላ፣ በጭስ ማውጫው?»

ሮጬ ጠየቅሁ፣ ሮጬ ተመለስኩ። «በላይ ነው፣ በካርቡሬተሩ። የአባዬን ቅንድብ ለበለበችው።»

«ብዙ?»

«የግራውን ብቻ።»

የአፏ ጥግ ትንሽ ወደ ላይ ሄዶ ወረደ። «የካንዴላ ገመዶቹን በምን ተራ እንዳሰራቸው ይንገርሽ። ከአንደኛው ጀምሮ፣ እየዞረ።»

አባዬ በጣቱ እየነካ ቆጠረልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኮራሁበት፤ አንዱንም አልዘለለም። እማዬ ግን ስትሰማ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው በይው።»

ባለሁበት ቀረሁ። በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «እማዬ፣ ከአንድ በኋላ እኮ ሁለት ነው» አልኳት።

«ሂጂ፣ መሲ።»

ለአባዬ ጆሮው ሥር አንሾካሾክሁለት። ጋሽ ረሻድ እንዲሰማ አልፈለግሁም። አባዬ አልሳቀባትም፤ «እሺ፣ እሷ ካለች» ብሎ ገመዶቹን እንዳለችው ቀያየራቸው። የታመመ ሰው እንዳይከፋው እሺ ሲባል አይቼ ስለማውቅ፣ ደግነቱ ደስ አለኝ። የዚያ ሞተር እሳት በሲሊንደሮቹ የሚዞረው በዚያው እሷ ባለችው ተራ መሆኑን፣ አባቴም ተራውን እንደ ስሜ እንደሚያውቀው፣ ሆን ብሎ እንዳሳሳተውና የእማዬን ጆሮ እንደ ጠበቀ የነገረኝ አሁንም ጋሽ ረሻድ ነው።

ስለዚህ አባዬ ተረጋግቶ እጁን ታጠበ። ንጹሕ ሸሚዝ እንኳ ለወጠ። ቁልፉን ሲያዞር ፊቱ ላይ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ደስታ ነበረው።

ጧ!

ሸሚዙ ጠቆረ። ደገመ። ጧ! ደገመ። ጧ! ደጋገመው፣ ደጋገመው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እየደከመ፣ እያጓራ፣ በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ቀረ። አባዬ ሄዶ ገመዶቹን አየ፣ ነካካቸው። ልክ ናቸው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ጎማው ሥር፣ መሬት ላይ፣ በንጹሕ ሱሪው ቁጭ አለ።

ጋሽ ረሻድ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደበትም።

«ቀልዴን ነበር ረሻድ» አለ አባዬ በዝግታ። «ገመዱን ብቻ ነበር ያሳሳትኩት። አሁን ግን የእውነት አልነሳ አለች።»

«የቷ?»

አባዬ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሁለቱም።»

ግቢውን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሌላ ላዳ አልነበረንም።

«ሄጄ ልንገራት?» አልኩ።

«ተይ» አለኝ አባዬ። «ምንም አትበያት። አሁን ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?»

ግቢው ጭር አለ። ከአስፋልቱ በኩል ብቻ የረዳቶቹ ጩኸት በሩቁ ይመጣል፤ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች።»  ከዚያ ከኋላዬ የበሩ ማጠፊያ ሲንቋቋ ሰማሁ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ጋቢ ተከናንባለች፣ እግሯ ላይ የአባዬን ነጠላ ጫማ አጥልቃለች፣ ፀጉሯ ትራሱ እንዳደረገው ነው። ብርሃኑ ዓይኗን ወግቷት በመዳፏ ጋረደችው። እትዬ ዙቤዳ የአጥሚት ጣሳ እንደ ያዘች በግቢው በር ገባ ብላ ደርቃ ቀረች። ጋሽ ረሻድ ሊነሳ ሲል ግማሽ መንገድ ላይ ተወው።  ንጉሥ ሲመጣ እንዲህ ይሆን ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ምን ዝም አላችሁ?» አለች እማዬ። «ሞተች እንዴ?»

«እኔንጃ፣ እፀ» አለ አባዬ ከተቀመጠበት። «አልገባኝም። እውነቴን ነው አልገባኝም።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። የተቃጠለ ቅንድቡን፣ የጠቆረ ሸሚዙን። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ግድግዳውን እየያዘች መጣችና ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለች።

«የአንደኛውን ካንዴላ ንቀለው» አለች። «ማኖቬላውን አምጣ። ሞተሩን በእጅህ ታዞርልኛለህ፣ ቀስ ብለህ። መሲ፣ ነይ።»

በብብቴ አንስታ መከላከያው ላይ አቆመችኝ። ካንዴላው የወጣበት ቀዳዳ ከአፍንጫዬ ሥር ሆነ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«አውራ ጣትሽን ድፈኚበት። ግጥም አድርገሽ። ትንፋሿ ሲገፋሽ ንገሪኝ።»

አባዬ ከፊት ጎንበስ ብሎ በማኖቬላው ሞተሩን አዞረ። መጀመሪያ ቀዳዳው ጣቴን ወደ ውስጥ ሳበው፣ በቀስታ፣ ጡት እንደሚጠባ ጥጃ። ልጮህ ነበር፤ የእማዬ እጅ ጀርባዬ ላይ ስለ ነበረ አልጮህኩም። ከዚያ መሳቡን ተወ። ቀጥሎ ከዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከታች፣ ለብ ያለ ነገር ተነስቶ ጣቴን ገፋው። እያየለ፣ እያየለ መጣ፤ ጣቴንም በጎን ፈንቅሎ እፍፍ ብሎ ወጣ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ።

«እማዬ! ተነፈሰች!»

«ቁም!» አለች እማዬ። አባዬ ቆመ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሞተርን አራት ምት አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የሣለልን ቀን፣ መሳብ፣ ማመቅ እያለ ሲያብራራ፣ አውራ ጣቴን ከጠረጴዛው ሥር ጨብጬ ይዤው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ያን ቀን የነካሁት በሰሌዳው ላይ አልነበረም።

እማዬ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍታ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ምላስ አየች። «ወዴት ነው የምታየው?» አለችው አባዬን።

አባዬ አንገቱን አስገባ። «ወደ... አራተኛው።»

«አየህ? አንደኛው አምቆ እሳት ሲጠብቅህ አንተ ለአራተኛው ትልካለህ። ግማሽ ዙር አዙረህ ነው የከተትከው።»

«ግማሽ ዙር» አለ አባዬ እንደ ተማሪ።

«ምልክት አድርግ ብዬህ ነበር።»

«ስትይኝ እኮ ነቅዬው ነበር።»

«ውሸታም» አለችው። ቁጣ አልነበረበትም።

ዲስትሪቢዩተሩን ራሷ ነቅላ፣ ግማሽ ዙር መልሳ፣ ከተተችው፤ ክዳኑንና ካንዴላውንም መለሰች።   ከዚያ የሾፌሩ ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች። እማዬ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

«አዙር» አለች።

ባትሪው ስለ ሞተ አባዬ በማኖቬላው ነው የሞከረው። አንዴ ሲያዞረው ላዳዋ ሳለች። ደግሞ ሲያዞረው አስነጠሰች። ሸሚዙን አውልቆ፣ ምራቁን እጁ ላይ እንትፍ ብሎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያሾረው ከውስጧ ትልቅ ነገር ተገለበጠና መላ አካሏ ተንዘፈዘፈ። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። መሬቱ በእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

«ተነሳች!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ረሻድ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። «ተነሳች! ይገዙ፣ ተነሳች!»

እትዬ ዙቤዳ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ እልል አለች። ከግራም ከቀኝም አጥር ሴቶች ተቀበሏት። ሰው ለእኛ ላዳ ይህን ያህል መጨነቁ ደረቴን ነፋው። እትዬ ዙቤዳ ስታለቅስ ፊቷ ወደ ሞተሩ እንዳልነበረ ያኔም አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም።

«እንዳታጠፊያት!» አለ አባዬ። «ባትሪው እስኪሞላ መንዳት አለብን።»

«ግባ» አለችው እማዬ።

እኔ ከኋላ፣ አባዬ ከጎኗ። እማዬ እንደ ተከናነበች ማርሽ አስገብታ ከግቢው ወጣች። ላዳዋ በኮረኮንቹ ላይ ስትሄድ እያንዳንዱን ድንጋይ የምታውቀው ይመስል ነበር። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ፌርማታው ጋ አንዲት ሴትዮ ታክሲ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ሾፌሯን ስታይ ግን አፏን ከፍታ እጇን ማውረድ ረሳች።

«ወዴት ነው?» አለ አባዬ።

«የምታውቀው አንተ ነህ» አለች። «ንገረኝ።»

አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከቆይታ በኋላ «ወደ ቀራንዮ ያዢ» አለ። ከዚያ ወዲህ «ግራ» እና «ቀኝ» ብቻ ነው የተናገረው። ዳገት ሲመርጥላት ሞተሩን መፈተኑ ነው ብዬ፣ ዳገቱን በወጣች ቁጥር ወንበሩን በመዳፌ መታ መታ አደርግላት ነበር።

አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ ባሕር ዛፍ ያለበት ተዳፋት ላይ አስቆመን። ሞተሩ አልጠፋም።

«መሲ፣ አንቺ መኪናዋን ጠብቂ» አለኝ አባዬ።

ሁለቱ ከአጥሩ ውጭ ውጪውን ሄዱ። አባዬ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመና እጁን ዘረጋ። ትንሽ የድንጋይ ክምር ትታየኛለች። እማዬ ጋቢዋን ሰብስባ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሚያደርጉት ገባኝ። አዋቂ ድምፅን ከሩቅ ሆኖ ነው የሚመረምረው፤ ያን ያህል ርቀው የሄዱት ሞተሩን ሊያዳምጡ ነው። ስለዚህ አላወራሁም፣ አልተንቀሳቀስኩም፣ በሩንም አልነካሁም። ላዳዋ ከሥሬ ረጋ ብላ ትተነፍሳለች። ነፋሱ ግን ከእነሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው፤ የላዳዋን ድምፅ ወደ እነሱ አያደርስላትም። የእማዬን ድምፅ ግን አመጣልኝ።

«ሳይነሳ ቀረ፣ ይገዙ» ትላለች። «ሳይነሳ ቀረ።»

ክርስትና ማለቷ ነበር። ወንድሜ አርባ ቀኑ አልደረሰም፣ ቄስ ለመጥራት እንኳ ፋታ አልሰጠም፤ ክርስትና ሳይነሳ፣ ስም ሳይወጣለት፣ ፍትሐት ሳይደረግለት ነው እዚያ ጥግ የተቀበረው። እናቴን አልጋ ላይ ያዋላት እሱ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ሞቱን ምናልባት ትችለው ነበር፤ ሳይነሳ መቅረቱን ግን አልቻለችም።

እኔ ያኔ አንድ መነሳት ብቻ ነበር የማውቀው። ሞተሩን አልሰማችውም አልኩ። ይህ ሁሉ ተደክሞ፣ ነፋሱ አታልሏት፣ አልሰማችውም። በሩን በርግጄ በተዳፋቱ ወደ ላይ ሮጥኩ።

«እማዬ! ተነስቷል እኮ! ተነስቷል! ስሚው!»

አባዬ ሊያስቆመኝ እጁን ዘረጋ። እማዬ እጁን ያዘችው። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ እንደዚያ ሆና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወደ ቁልቁለቱ አዳመጠች። እኔም ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩላት። ነፋሱ ለአፍታ ጋብ አለ። በዛፎቹ መሃል ከታች ሲንዶቆዶቅ ይሰማ ነበር።

«ተነስቷል?» አለችኝ።

«አዎ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ትንፋሹን በጣቴ ነካሁት አይደል!»

አውራ ጣቴን ይዛ አየችው። በዘይት ጠቁሯል። አልጠረገችውም። እንደ ጠቆረ ወደ ፊቷ ወስዳ ግንባሯ ላይ አሳረፈችው፣ ተጭናም ያዘችው፣ ለረጅም ጊዜ።

«እሺ» አለች ከዚያ። «እሺ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ካልሽ።»